የቅርጫው ደብተር

አማቴ "አንተ" ነው የሚሉኝ። "ብላ እንጂ፣ ምነው አትበላም?" ይሉኛል። ነፍሰ ጡር ሆኜ መራመድ ሲያቅተኝ እንኳ "ቀስ ብለህ ተቀመጥ" ብለው ነበር ወንበር የሚያቀርቡልኝ። ወላይታቶ "አንተ"ን ከ"አንቺ" አይለይም፤ ለወንዱም ለሴቷም አንዱ "ኔኒ" ይበቃል። እኔ ደግሞ እንጀራዬ አማርኛ ማስተማር ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሶዶ ውስጥ የተማሪዎቼን "እህቴ መጣ" በቀይ እስክሪብቶ ሳሰምርበት እሰነብትና፣ ቅዳሜ ቦዲቲ አጠገብ ካለው የባለቤቴ ቤተሰብ ደጅ ስደርስ ወንድ እሆናለሁ።

አንድ ጊዜ ላርማቸው ሞክሬ ነበር። ባለቤቴ በወላይታቶ አስረዳልኝ፤ ረዘም አድርጎ፣ በእጁም ጭምር። አድምጠውት ሲያበቁ አንድ ነገር ብለው ወደ ምድጃቸው ዞሩ። "ምን አሉ?" አልኩት። "'ሴት መሆኗን አውቃለሁ፣ ለዚህ አይደል እንዴ የዳርኩህ?' ነው የምትለው።" ከዚያ ወዲህ እርማት ትቻለሁ። ባለቤቴ ራሱ ስለ ቋንቋ ስናወራ ፊቱ ይጠቁራል። በ1992 ዓ.ም. የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋ ቀላቅሎ "ወጋጎዳ" የተባለው የመማሪያ መጽሐፍ ሲመጣ እሱ የአሥር ዓመት ተማሪ ነበር። ሶዶ ለተቃውሞ ወጣች፣ ሰው ሞተ፣ መጽሐፉም ተነሳ። ከዚያው ጋር ተያይዞ ነው ወላይታ ለብቻው ዞን የሆነው። እና እኔ ከአዲስ አበባ መጥቼ የእናቱን አነጋገር ሳርም በዓይኑ ቢገላምጠኝ አልፈርድበትም።

ያደግሁት መርካቶ ነው። ወላይታን የማውቀው በራችን ላይ በሚቀመጡት ሊስትሮዎችና በሎተሪ አዟሪዎቹ ነበር። መስከረም ሲጋመስ ልጆቹ ድንገት ይጠፋሉ። አባቴ አቧራ በጠገበ ጫማ ሁለት ሳምንት እየተመላለሰ "እነዚህ ልጆች ደግሞ ጊፋታቸው ደረሰ" ይል ነበር። ጊፋታ ምን እንደሆነ ቤታችን ውስጥ ጠይቆ የሚያውቅ አልነበረም፤ ጫማ የማይጠረግበት ወቅት ነበር ለእኛ። በኋላ በ1999 የተከፈተው ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ሲደርሰኝ እናቴ አለቀሰች፤ ሩቅ መስሏት። እዚያው ተማርኩ፣ እዚያው ባል አገኘሁ፣ እዚያው ተቀጠርኩ። እንዲያው ነገሩ አልቅሳ መሸኘቷ ልክ ነበር።

ጥር 2010 ተጋባን። እኔ ኦርቶዶክስ፣ እነሱ የቃለ ሕይወት ምዕመናን ናቸው። በየትኛው ቤተ እምነት ይጋቡ የሚለው ክርክር ሁለቱን ቤተሰብ ወራት ሙሉ ሲያደክም ከርሞ በመጨረሻ ማዘጋጃ ቤቱ ገላገለን። ስለ ሠርጉ የምጽፈው ብዙ የለኝም። ሠርግ ሠርግ ነው፤ ጫማዬ ጠቦኝ እንደነበር አስታውሳለሁ። ባለቤቴ ከሠርጉ ማግስት "ሽርሽር እወስድሻለሁ" ብሎ ዳሞታ ተራራ ወገብ ላይ ወዳለው የሞቼና ቦራጎ ዋሻ ወሰደኝ። ከ40 ሺህ ዓመት በላይ የሆናቸው የድንጋይ መሣሪያዎች የተገኙበት ቦታ ነው። ጓደኞቼ ላንጋኖ ውኃ ዳር የተነሱትን ፎቶ ሲልኩልኝ እኔ ዋሻ አፍ ላይ ቆሜ የተነሳሁትን ላክሁላቸው።

ወፍራም ታሪክ ያለው ከሠርጉ በኋላ ነው። ሙሽራ በወላይታ ሥራ አትነካም። ጓዳ ተቀምጣ ትበላለች፣ ቅቤ ትቀባለች፣ ትፋፋለች፤ ስትወጣ ፊቷ አብርቶ ጉንጯ ሞልቶ ካልታየ ሐሜቱ ለአማቷ ነው። አማቴ ታዲያ የታወቁ ሴት ናቸውና ሊታሙ አልፈለጉም። ጠዋት በቅቤ የራሰ ሙቹዋ የሚባል የእንሰት ምግብ፣ ቀን ሥጋና ቆጮ፣ ማታ ወተት። ማለዳ ማለዳ ሀይታ ቱኬ ይፈላል፤ የቡና ቅጠል፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሚጥሚጣና ጨው ያለበት። መጀመሪያ ቀን ስቀምሰው "ቡና ነው ሾርባ?" ብዬ ባለቤቴን በክርኔ ነካሁት። አሁን ያለሱ ራሴን ያመኛል።

ሦስት ሳምንት በዚህ ሄደ። ከዚያ የካቲት 5 ዐቢይ ጾም ገባ።

አማቴ ሙቹዋውን አቅርበው ቆሙ። እኔ አልነካሁትም። "ታመምክ?" አሉኝ። ባለቤቴ ሃምሳ አምስቱን ቀን ሲያስረዳ እሳቸው በጣታቸው ቆጠሩ፤ ቆጥረው ሲጨርሱ የተቀመጡበት ዱካ ላይ ኩምሽሽ አሉ። ልጃቸው ቅቤ የማትበላ ሙሽራ አምጥቶባቸዋል። ጎረቤት ምን ይላል? እንዲህ ያለ ጭንቀት በማንም ሴት ፊት ላይ ከዚያ በፊት አላየሁም። የተሰበሰበው ቅቤ እንስራው ውስጥ ቀረ፤ እኔ ቦይና በጎመን መብላት ጀመርኩ። ባሰብኩት ቁጥር አሁንም የሚያስቀኝ ከሦስት ቀን በኋላ የሆነው ነው። የካቲት 8 የቦሎሶ ሶሬው ልጅ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ፣ መልቀቂያ አስገቡ። ግቢው በሬዲዮው ዙሪያ ተሰብስቦ ዝም ብሏል። አማቴ ከጓዳ ብቅ ብለው ወደ እኔ እያዩ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። ባለቤቴ ለመተርጎም ሲያመነታ ጎረቤት ተረጎመልኝ፦ "ዘንድሮ የሰጠናቸውን ሁሉ አልፈልግም የሚሉበት ዓመት ነው።"

ከሙሽራ ጓዳ ስወጣ የገባንበት ቤታችን ሶዶ ውስጥ ነበር፤ አንዲት ሰርቪስ ክፍል። ከደጃችን ቀና ሲሉ ዳሞታ ይታያል፤ ጫፉ ላይ ደመና ከጠመጠመ ልብስ ለማንሳት ግማሽ ሰዓት አይሰጥም። ውኃ በፈረቃ ይመጣል፣ ሌሊት ስለሚመጣ አንዳችን ነቅተን ጀሪካን እንሞላለን። ተራ ገብተን ነበር፤ ሰኞና ሐሙስ የእኔ። ባለቤቴ ተራው ሲደርስ እንቅልፉ ይጠናበታል፣ ተራዬ ሲደርስ ደግሞ "አይዞሽ" ለማለት ይነቃል። ደሞዛችን በወር ሃያኛው ቀን ላይ ያልቃል። ከሃያ እስከ ሠላሳ ያሉትን ቀናት በቦዬ፣ በአቮካዶና ከቦዲቲ በሚላክልን ቆጮ እንሻገራለን። ክፉ ጊዜ አልነበረም። እንዲያውም ከዚያ ወዲህ እንደዚያ የሳቅሁበት ቤት የለኝም።

ለጊፋታ በሬ የሚዋጣው ገንዘብ ግን ከሃያኛው ቀን በፊት ይነሳል። ይህን ነው መጀመሪያ ያልገባኝ። እኔ ባደግሁበት ቤት በዓል ማለት በዋዜማው የሚታሰብ ነገር ነው፤ ገንዘብ ካለ በግ፣ ከሌለ ዶሮ። ወላይታ ውስጥ ግን የዘንድሮው ጊፋታ እሳት ሳይጠፋ የሚቀጥለው ዓመት ደብተር ይከፈታል። የእኛ ቅርጫ አሥራ ስድስት አባወራ ነበረው፤ በወር 150 ብር፤ ያሳለፈ አሥር ብር ቅጣት። ነሐሴ ላይ በሬው ይገዛል። ቅቤው የሴቶች ጉዳይ ነው፤ አማቴ በሰፈራቸው የቅቤ እቁብ ሰብሳቢ ናቸው፣ እያንዳንዷ በስኒ እየለካች ታመጣለች። እኔ ላም ስለሌለኝ በገንዘብ ገባሁ፤ ሴቶቹ ላም የሌላት እቁብተኛ ሲያዩ የመጀመሪያቸው ይመስለኛል። ጊፋታ፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ መሻገር ማለት ነው ይላሉ። እሑድ ነው የሚብተው፣ መስቀል አካባቢ። ግን እውነቱን ለመናገር እኔ የማውቀው ጊፋታ በየወሩ ነው የነበረው፤ ባልና ሚስት ደሞዝ ተቀብለን አልጋው ላይ ብር ስንዘረጋ፣ "ይሄ የኪራይ፣ ይሄ የበሬው" ስንል። ሰማያዊ ሽፋን ያላት ሃምሳ ሉክ ደብተር ገዝቼ ለቤታችን የራሳችንን መዝገብ ከፈትኩ። መምህርነት በሽታ ነው።

የካቲት መጨረሻ ላይ ባለቤቴ "ለመስክ ሥራ እወጣለሁ" ብሎ ማለዳ ሄደ። ማታ የአከራያችን ልጅ ስልኩን ይዞ እየሮጠ መጣ፤ "ጋሼ ፌስቡክ ላይ አሉ!" ሐዋሳ ስታዲየም፣ ሸሚዙን አውልቆ እያውለበለበ፣ አፉ እስከ ጆሮው ተከፍቶ። ወላይታ ድቻ በ2009 የኢትዮጵያ ዋንጫን በልቶ ለአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ አልፎ ነበርና፣ የግብፁ ዛማሌክ ደርሶት ሐዋሳ ላይ ይጫወት ነበር። ደብተሬን ገለጥኩ፤ የየካቲትና የመጋቢት መዋጮ ብዬ አንድ ላይ ያስቀመጥኩት 300 ብር ከሳጥኑ የለም።

ሌሊት ገባ። ድምፁ ጠፍቷል፤ በሹክሹክታ "2 ለ 1! ዛማሌክን!" አለኝ።

"ዛማሌክ ሥጋ ይሰጥሃል?" አልኩት።

ከዚያ አሥር ቀን ያህል አልተነጋገርንም። አንድ ክፍል ውስጥ መኮራረፍ ከባድ ሙያ ነው፤ የምትዞሪበት ግድግዳ እንኳ አንድ ነው፣ ሌላው በቁምሳጥን ተይዟል። በመሀል መጋቢት መጣ፣ ካይሮ ላይ የመልሱ ጨዋታ ደረሰ። እኔ ፈተና እያረምኩ ነው፣ እሱ አከራዮቻችን ዘንድ ሄዷል። በመደበኛው ሰዓት 2 ለ 1 ተሸነፍን፣ ድምር ውጤቱ እኩል ሆነ፣ ፍጹም ቅጣት ምት ተጀመረ። ይህን ሁሉ ያወቅሁት በግድግዳው በኩል ነው። አንዴ ጩኸት፣ አንዴ ዝምታ፣ ደግሞ ጩኸት። ቀይ እስክሪብቶዬን ይዤ ቀጥ ብዬ ቀርቻለሁ። ከዚያ ከተማው ፈነዳ። 4 ለ 3። ባጃጁ ሁሉ ጥሩምባውን ይዞ ወደ አስፋልቱ ወረደ፣ ከአከራያችን ቤት እልልታ፣ ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ከበሮ። እኔ ነጠላዬ ተጣሞ፣ ጫማዬ አንዱ የእኔ አንዱ የእሱ ሆኖ፣ ከሕዝቡ መሀል ራሴን አገኘሁት። ባለቤቴ ሲያየኝ ሮጦ መጥቶ አነሳኝ። ይቅርታ አልጠየቀም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። የሁለት ወር መዋጮ ግን በደብተሩ ላይ ባዶ ሆኖ ቀረ፤ ሃያ ብር ቅጣት ተጨምሮበት። በፋሲካ ሰሞን የታንዛኒያው ያንጋ ከውድድሩ አሰናበተን፤ እኔም ጾሜን ፈታሁና አማቴ ጋ ሄጄ የቀረብኝን ቅቤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ለመክፈል ሞከርኩ። ሆዴ የሆነውን አልጽፍም።

በየካቲት ሸሚዝ ሲውለበለብባት ያየናትን ሐዋሳን በሰኔ በሌላ መልክ አየናት። ሰኔ 2010 መጀመሪያ ላይ እዚያ ግጭት ተነሳ። ሰው ሞተ፤ ብዙ ቤተሰብ፣ ከእነሱም ብዙ ወላይታዎች፣ ከቤታቸው ተፈናቀሉ። ሶዶም በቁጣ ተናወጠች። የባለቤቴ ታላቅ እህት እዚያ እንጀራ እየጋገረች ለምግብ ቤት የምታስረክብ ሴት ነበረች። ሦስት ቀን ስልኳ አልነሳ አለ። በአራተኛው ቀን ከባሏና ከሦስት ልጆቿ ጋር በራችን ላይ ቆመች። ልብስ አልያዙም። እሷ ግን በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ትልቅ ክብ ነገር ታቅፋለች፤ የእንጀራ ምጣዷን። ባለቤቴ "ምን ሆነሽ ነው ይሄን የተሸከምሽው?" ሲላት ተቆጣች፤ "የተሟሸ ምጣድ በየት ይገኛል?" አለችው። ከዚያ ነው ያለቀሰችው።

ሰባት ሰው ሆንን፣ በአንዲት ክፍል። አልጋውን ለእህቱና ለሕፃኗ ሰጥተን እኛ ወለሉ ላይ ወረድን፤ ሁለቱ ልጆች በመሀላችን። አዲስ ተጋቢ ነን። ሌሊት ውኃ ሲመጣ ሁለታችንም ጀሪካን ለመሙላት መነሳት የጀመርነው ያኔ ነው፤ ቧንቧው ሥር ቆመን የምናወራው ነገር ስለነበረን። ክረምቱ ገባ፣ ቆርቆሮው ሌት ተቀን ይንጫጫል፣ ምጣዱ ከአከራያችን ማድ ቤት ውስጥ ሥራ ጀመረ። ልጆቹ አማርኛቸው ከተማሪዎቼ ይሻላል፤ ትልቁ እንዲያውም አያቱን "አንቺ በዪ እንጂ" እያለ ያርማቸው ነበር፤ ሰሚ አላገኘም።

ነሐሴ ላይ የበሬው ሒሳብ ተዘጋ። የእኛ ጎዶሎ ከነቅጣቱ መሞላት አለበት፣ ለልጆቹም የበዓል ልብስ ያስፈልጋል። ባለቤቴ 2,000 ብር በአራጣ ሊበደር መሆኑን ቧንቧው ሥር ነገረኝ። በወር አሥር በመቶ። ሁለተኛው ጸባችን ይሄ ነው፣ ከመጀመሪያው የከፋ። ጊፋታን እወዳለሁ፤ ነገር ግን ለአንድ ሳምንት ድግስ የዓመት ዕዳ የሚገቡ ቤቶች ሶዶ ውስጥም ገጠሩም ውስጥ አይቻለሁ። ደብተር ያላቸው አይበደሩም፤ የሚበደሩት ደብተሩን የበሉ ናቸው። እንደኛ። ይህንኑ ነገርኩት። "ልጆቹ ሰው መሀል የተቀደደ ለብሰው ይውጡ?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም፣ ግን እንቢ አልኩ።

ማን እንደነገራቸው አላውቅም፤ በቀጣዩ የገበያ ቀን አማቴ ከቦዲቲ መጡ። ከመቀነታቸው የተቋጠረ ብር ፈትተው እጄ ላይ አኖሩት፤ ለልጃቸው አይደለም፣ ለእኔ። ለጊፋታ ያጠራቀሙትን ቅቤ ሸጠውት ነው። ዓመቱን ሙሉ በስኒ የተለካውን፣ እኔ በሁዳዴ አልበላም ያልኩት ጭምር ያለበትን። "እማዬ፣ ይሄማ አይሆንም፤ ራስዎስ በምን ሊያከብሩ ነው?" ብዬ ልመልስ ስል እጄን ጨብጠው ዘጉት።

"አንተ ዝም በል" አሉኝ። "ቅቤው የእኔ ነው።"

መስከረም 2011 ጊፋታ ገባ። ሁላችንም ቦዲቲ ወረድን። ግቢው ተጠርጓል፣ የጭቃው ግድግዳ እንደገና ተለቅልቋል፣ ቆጮው ከጉድጓድ ወጥቷል። የተጣላ ታርቆ ነው የሚሻገረውና የባለቤቴ አጎቶች በድንበር ሲካሰሱ የከረሙትን በሽማግሌ ጨርሰው አብረው ተቀምጠዋል። ከአዲስ አበባ፣ ከአዳማ፣ ከየትም ያሉ ልጆች ገብተዋል፤ አዲስ ጫማ ያላደረገ ሊስትሮ አላየሁም። ማታ ችቦው ነደደ፣ ወጣቶቹ ሃያ ሌኬ እያሉ ቤት ለቤት ዞሩ፤ የለበሱት ዱንጉዛ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁሩ በእሳቱ ብርሃን ይብለጨለጫል። "ዮዮ ጊፋታ!" የሚለኝን ሁሉ "ዮዮ!" እላለሁ፤ ከወላይታቶዬ ሳልንተባተብ የምወጣው እሱና "ጋላታይስ" ብቻ ነበር።

ወደ ቦዲቲ ከመውረዳችን በፊት የሶዶው ቅርጫችን ሥጋ በእንሰት ቅጠል ላይ ሲመደብ ባለቤቴ ይዞኝ ሄዶ ነበር። አሥራ ስድስት መደብ፣ አሥራ ስድስት ዕጣ። ሽንጡ ለእኛ አልወጣም፣ ጎድኑም እንዲሁ። ሳምባ የበዛበት መደብ ደረሰን። የአሥሩ ወር በየወሩ ተከፍሎ ሁለቱን በዛማሌክ በላናቸው፤ የዕጣዋ ፍርድ አልተዛባም ብዬ ዝም አልኩ። ቢሆንም ቦዲቲ ቁርጥ አልጠፋም። አማቴ የፈጩትን ዳጣ በቅጠል ላይ አኖሩልኝ፤ በሕይወቴ ጥሬ ሥጋ በልቼ አላውቅም ነበር፤ ዳጣው ዓይኔን ሲያስለቅሰኝ ልጆቹ ከበው ሳቁብኝ። ሙቹዋው ቀረበ። ደረቅ ነበር፤ ቅቤው እንደ ሌላው ዓመት በጣት መሀል አይፈስስም። ቤቱ አየ፣ ማንም አልተነፈሰም። አማቴ ራሳቸው ናቸው ዝምታውን የሰበሩት፤ ወደ እኔ እየጠቆሙ "ከእሱ ተምሬ ነው፤ ዘንድሮ እኔም ጾም ይዣለሁ" አሉ።

ማታውኑ አባቴ ከመርካቶ ደወለ። "ጫማዬን የሚጠርግ አጣሁ" አለ። "እዚህ ናቸው አባዬ" አልኩት።

እህቱ ኅዳር ላይ ከነቤተሰቧ ወደ ሐዋሳ ተመለሰች፤ ምጣዱን ለእኔ ትታ። እስከ ዛሬ የምጋግረው በእሱ ነው። ሶዶ ከነሐሴ 2015 ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር ማዕከል ሆናለች፤ የቤት ኪራዩ ከማዕረጉ ቀድሞ ወጣ። ሁለት ክፍል አለን፣ አንዲት ልጅ አለችን፣ ውኃው አሁንም ሌሊት ይመጣል። ልጄ አያቷን "አንተ" ትላቸዋለች፤ እኔ ዞር እላለሁ። ቅርጫው አሥራ አራት አባወራ ቀርቶታል፣ የወሩ መዋጮ ከያኔው አሥር እጥፍ ነው። ሰማያዊዋ ደብተር አልቃ በአራተኛዋ ላይ ነን። ትናንት ማታ ገልጬ አየኋት፤ የግንቦት አልተከፈለም። ድቻ በግንቦት የት የት እንደተጫወተ እያጣራሁ ነው።